ድንኳን ለተከለከሉት የድንኳን ባለቤት፣ ለወ/ሮ ሰብሪያ ሐምዱ

ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከሱሉልታ የፓንክ ሙዚቃ ተጫዋቾችና አድማጮች ማኅበር የተሰጠ የሐዘን መግለጫ

ቡራዩ፣ ኅዳር 10 ቀን 2009 ዓ.ም.

ማኅበራችን የክብር አባሉና የትርኢቶቹ ሁሉ ባለድንኳን የነበሩት ወ/ሮ ሰብሪያ ሐምዱ ትናንት ዓርብ፣ ኅዳር 9 ቀን 2009 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ለአባላቱ፣ ለሦስቱ ከተሞች ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በድንኳናቸው ሥር ላለቀሰና ለዘለለ ሁሉ ያስታውቃል። የተሰማን ሐዘን ጥልቅ ነው። ከሐዘኑ የማያንስ ንዴትም ተሰምቶናል፤ እሱን ደብቀን መግለጫ ማውጣት አልቻልንበትም። እንድናለዝበው የመከሩን ነበሩ። ለምክራቸው እናመሰግናለን፤ አላለዘብነውም።

ይህ መግለጫ ማኅተም የለውም። ማኅበሩ ለመመዝገብ ሁለት ጊዜ አመልክቶ ሁለት ጊዜ «ፓንክ ደግሞ ምንድን ነው?» ተብሎ ተመልሷል። ፈጣን፣ ጯሂ፣ አንድ ዘፈኑ ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ፣ የተናደደ ሰው ሙዚቃ እንደሆነ ጽፈን ብናስገባም ወረቀቱ ጠፋ ተባልን። ስለዚህ ማኅተም በሚመታበት ቦታ የምታገኙት ፊርማ ብቻ ነው።

ወ/ሮ ሰብሪያ ከባለቤታቸው ከአቶ አክመል ጋር ቡራዩ የገቡት በ1984 ዓ.ም. ነው። በአንድ ሸራና በሃያ ዱካ የጀመሩት የድንኳንና የወንበር ኪራይ ሥራ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላም አልቆመም፤ ድስት፣ ወንበርና ሞንታርቦ ጨምረውበት በእሳቸው ዕቃ ያልተዳረ ወይም ያልተለቀሰለት ሰው በሠፈሩ ማግኘት እስኪያስቸግር ደረሰ። የሟች ቤተሰብ ሳይጠራቸው ቀድመው ደርሰው ምሰሶ የሚያስቆሙ ሴት ነበሩ። የኪራዩን ሒሳብ የሚጠይቁት ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ነው። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ሐዘን በዚያው ሸራ ሥር አልፏል።

ነሐሴ 2003 ዓ.ም.። የማኅበራችን የመጀመሪያ ትርኢት በሰበታ አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ተካሄደ። «ቆርቆሮ» የተባለው ባንዳችን ከወ/ሮ ሰብሪያ የተከራየውን ሁለት ሞንታርቦ በአንድ ከሰዓት አቃጥሎ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኖ መለሰላቸው። ወ/ሮ ሰብሪያ ከፍተው አይተው፣ «ይሄ እኮ የሠርግ ዕቃ ነው። ምን ብትሉት ነው እንዲህ የሆነው?» አሉ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ በግቢያቸው አስቀምጠው አስጠገኑን። በሁለተኛው ቅዳሜ ማታ ላይ ግን፣ «መጮሃችሁ ካልቀረ እኔ ፊት ጩኹ፤ ዕቃዬን እያየሁት» ብለው ፈረዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ እሳቸው አንድም ትርኢት አልተካሄደም።

ከ2005 እስከ ሚያዝያ 2006 ዓ.ም.። የምንጫወትባቸው ቤቶች አንድ በአንድ ሄዱ። የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈበት፤ ሲፈርስ ያልተፈጨ እህል እንኳ ውስጡ ነበር። ሱሉልታ የነበረን የብሎኬት ማምረቻ ታጠረ። ገፈርሳ መንገድ ላይ ያለው መጋዘን ለማን እንደተሰጠ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሲነሣ በሦስቱም ከተሞች ተደግፈን የምንቆምበት አንድ ግድግዳ አልቀረንም ነበር። የገበሬው መሬት በሄደበት አገር የእኛ መጫወቻ ቦታ መሄዱ ትንሽ ነገር መሆኑን እናውቃለን። ትንሽም ቢሆን የእኛ ነበር። ያን ጊዜ ወ/ሮ ሰብሪያ ትልቁን ሸራቸውን አወጡ።

ግንቦት 2006 ዓ.ም.። ከገፈርሳ በታች፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ባለው ሜዳ፣ የመጀመሪያው የድንኳን ትርኢት ተካሄደ። ፓንክ የሚሰማ ሰው ይዘላል፣ ይጋፋል። በሁለተኛው ዘፈን ሁለት ምሰሶ ወደቀ፤ ሸራው ሰማንያ በሚያህል ሰው ላይ ወረደ። ወ/ሮ ሰብሪያ ከሸራው ሥር ሻሻቸውን እያስተካከሉ ወጥተው ማኅበሩ እስከ ዛሬ የሚተዳደርበትን ደንብ እዚያው ቆመው ደነገጉ። ለአሥራ ስድስት ምሰሶ አሥራ ስድስት ሰው ይመደባል። ምሰሶ ያዥ ጀርባውን ለምሰሶው ሰጥቶ፣ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አዙሮ ይይዛል፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ አይዘልም፣ ቦታውን አይለቅም። አዲስ የመጣ ሰው ሦስት ትርኢት ምሰሶ ሳይዝ መዝለል አይፈቀድለትም።

ሌሎችም ደንቦች ነበሯቸው። ትርኢት ከዐስር ሶላት በኋላ ተጀምሮ መግሪብ ሳይደርስ ያልቃል። ከሸራው ሥር አይጠጣም፣ አይጨስም። እሳቸው በር ላይ በፕላስቲክ ወንበር፣ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ከትተው ይቀመጣሉ። ትርኢቱ ሲያልቅ ሸራውን የሚያጥቡት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ በሳሙና፣ በሁለት ውኃ። «ነገ ሰው የሚያለቅስበት ነው» ይሉን ነበር። አንድ ጊዜ ዘፈናችንን ይወዱት እንደሆነ ጠይቀናቸው፣ «ምኑን እወደዋለሁ? የሚያናድዳችሁን ነገር ግን አውቀዋለሁ» ብለው መልሰዋል። «ቆርቆሮ» በአማርኛ፣ የቡራዩው «ጎሚስታ» በአፋን ኦሮሞ ይጫወቱ ነበር። ከድንኳኑ ውጪ ሰው በቋንቋ ሲጠያየቅ በከረመበት በዚያ ዓመት፣ ከድንኳኑ ሥር የሚጠየቀው የምሰሶ ተራ ብቻ ነበር።

አሁን ወደማንኮራበት ክፍል እንገባለን። መግለጫ የሚያወጣ ድርጅት ራሱን መክሰስ ልማዱ አይደለም። ይህን ብንዘል ግን ወ/ሮ ሰብሪያ ምን እንደደረሰባቸው አይገባችሁም።

ከመስከረም 2007 ዓ.ም. በኋላ ለሙዚቃ ትርኢት ፈቃድ ማግኘት የማይቻል ሆነ። ለሐዘን ድንኳን ግን በዕለቱ ይፈቀድ ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ ሰው ሞተብን እያለ ማመልከቻ አስገባ። ሟቹን ከአእምሯችን ፈጠርነው፤ አቶ ገብረየስ ተድላ አልነው። ጥሩ ስም መስሎን፣ ሌላ ለመፍጠርም ሰንፈን፣ በእያንዳንዱ ማመልከቻ ላይ ያንኑ ስም ደገምነው። አቶ ገብረየስ በሰበታ አንድ ጊዜ፣ በሱሉልታ አንድ ጊዜ፣ በቡራዩ ሁለት ጊዜ ሞቱ። ሥቀንበታል። በስማቸው ዘፈን ሁሉ አውጥተናል። ለወ/ሮ ሰብሪያ ፈቃድ አግኝተናል ብቻ አልናቸው፤ ወረቀቱን አላሳየናቸውም። አራቱንም ማመልከቻ የጻፈው እጅ ይህን መግለጫ የጻፈው እጅ ነው።

ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም.። የወ/ሮ ሰብሪያ የግድግዳ ጎረቤት የኦቦ ዱቤ ቱፋ ልጅ፣ የ22 ዓመቱ የፋብሪካ ሠራተኛ ራያ ዱቤ፣ ሰልፍ ሲበተን በጥይት ተመትቶ ሞተ። ራያ የእኛን ሙዚቃ ሰምቶ አያውቅም። ወ/ሮ ሰብሪያ ኦቦ ዱቤን ይዘው የድንኳን ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። የጽሕፈት ቤቱን ስም የማንጠቅሰው ፈርተን አይደለም፤ የሠራው ሥራ ከስሙ ይበልጣል ብለን ነው። ማመልከቻውን የተቀበለው ኃላፊ መሳቢያውን ከፈተ፤ በወ/ሮ ሰብሪያ ድንኳን ስም የገቡ አራት የሐዘን ማመልከቻዎችን ከሦስቱም ከተሞች አሰባስቦ ይዟቸው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸውና፣ «አቶ ገብረየስን አራት ጊዜ ቀብረናቸዋል። ይሄኛውስ ስንት ጊዜ ነው የሚሞተው?» አለ።

ይህን ያለው አባትየው እየሰሙ ነው። ልጁ በጥይት መሞቱን ያ ጽሕፈት ቤት ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። የእኛ ውሸት ሰበብ ሆነለት፤ ሰበቡን በእጁ ያስያዝነው እኛ ነን። ኃላፊው በሰበቡ ሲጠቀምበት ያፈረ አይመስልም። እኛ አፍረናል።

ወ/ሮ ሰብሪያ አራቱን ወረቀቶች አንድ በአንድ አነበቡ። ኦቦ ዱቤ እንደነገሩን፣ ከቢሮው ወጥተው ደረጃው ላይ ቆሙና፣ «እነዚህ ልጆች ሰው ሞቶባቸው አያውቅም። ሞቶባቸው ቢያውቅ ይሄን አይጽፉም ነበር» አሉ። ከዚያ ቤታቸው ሄደው ያለ ፈቃድ ድንኳኑን አስተከሉ።

በማግሥቱ ድንኳኑ በለቀስተኛ ላይ ፈረሰ። አሥራ ስድስቱ ምሰሶዎች፣ ወንበሮቹና ሞንታርቦዎቹ በመኪና ተጭነው ተወሰዱ። ሸራውን ሊጠቀልሉ ሲሉ ለቀስተኞቹ ሴቶች ላዩ ላይ ተቀምጠው አንነሣም ስላሉ እሱ ብቻ ቀረ። ወ/ሮ ሰብሪያም ተወሰዱ። አሥራ አንድ ቀን በሲሚንቶ ወለል ላይ አደሩ። በየቀኑ የሚጠየቁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ ወረቀቶቹን ማን ጻፈ? እሳቸውም በየቀኑ፣ «ድንኳኑ የኔ ነው። በድንኳኔ የሆነውን እኔን ጠይቁ» ከማለት በቀር አንድ ስም አልሰጡም። እኛ በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ቤታችን ነበርን። ሄዶ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ያለ አልነበረም።

በእንዲህ ያለ መግለጫ ውስጥ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ተብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። ወ/ሮ ሰብሪያ አስም ነበረባቸው፤ ለዓመታት ይዘውት ኖረዋል። ከዚያ ወለል ሲነሡ ግን ከበራቸው እስከ መንገዱ ሳያርፉ መሄድ አልቻሉም። ስለዚህ የተለመደውን ቃል አልጻፍነውም።

ጥር 2008 ዓ.ም.። እንደተፈቱ የማኅበሩን አመራር ጠሩ። አልጮኹብንም። ቢጮኹብን ይሻለን ነበር። ኦቦ ዱቤ ቤት ሄደን፣ የጻፍነውን ራሳችን በአፋችን ተናግረን ይቅርታ እንድንጠይቅ አዘዙን። ሄድን። ኦቦ ዱቤ እስከ መጨረሻው ሰሙን፤ «ተቀመጡ» አሉን፤ እስኪመሽ ተቀመጥን። ይቅር ብለውን እንደሆነ እስከ ትናንት ድረስ አናውቅም ነበር።

ከየካቲት 2008 እስከ ጥቅምት 2009 ዓ.ም.። ወ/ሮ ሰብሪያ ምሰሶዎቻቸው እንዲመለሱላቸው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተመላለሱ። «ኤግዚቢት ነው» ይባሉ ነበር። ማስተር ፕላኑ ጥር ላይ ቀርቷል ተብሎ ነበር። ምሰሶዎቹን ግን የመለሰ የለም። ልጃቸው ሩዋይዳ አክመል መስከረም ላይ አብራቸው ሄዳ ምሰሶዎቹን በዓይኗ አይታቸዋለች፤ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆመዋል፤ ላያቸው ላይ ላስቲክ ተወጥሮ የኃላፊዎች መኪና እንዳይሞቅ ጥላ ሆነዋል። እናትና ልጅ በዚያ ጥላ አጠገብ ፀሐይ ላይ ቆመው ወረፋ ጠብቀዋል። በዚህ ዘመን ሁሉ በሦስቱ ከተሞች አንድም የፓንክ ትርኢት አልተካሄደም። ድንኳኑ ስለሌለ ብቻ አይደለም፤ ለመዝለል ፊት አጣን።

ትናንት ወ/ሮ ሰብሪያ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተቀበሩ። ሩዋይዳ ከቀብር መልስ፣ አፈሩ ከጫማዋ ሳይረግፍ፣ ለእናቷ የሐዘን ድንኳን ፈቃድ ለመጠየቅ ወደዚያው ጽሕፈት ቤት ገባች። ያው ኃላፊ ማመልከቻውን ከላይ እስከ ታች ሳያነብ፣ «ደግሞ ማን ሞተ?» አላት። የሐኪም ማስረጃ አምጪ ተባለች። ማስረጃውን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። አይቶ መለሰላትና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስላለ ብታመጪም ድንኳን አይፈቀድም አላት። የማይፈቅድ ከሆነ ማስረጃውን ለምን እንደጠየቀ አልነገራትም።

የቡራዩን ለቅሶ ሁሉ ከፀሐይና ከዝናብ የጋረዱት የወ/ሮ ሰብሪያ ለቀስተኞች ትናንት ከሰዓት በኋላ መንገድ ዳር፣ በጠራራ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። አሮጊቶች ራሳቸውን በእጃቸው ጋርደው ነበር። ይህን ያየ ሰው ንዴታችንን እንድናለዝብ አይመክረንም።

እዚያው ኦቦ ዱቤ መጡ። የማኅበሩ አባላት ወደቆሙበት በቀጥታ ሄዱ። ሸራው የት እንዳለ ጠየቁን፤ በወ/ሮ ሰብሪያ ቤት ታጥፎ ተቀምጧል አልናቸው። ምሰሶ የለንም ስንላቸው ቀና ብለው አዩን። «እናንተ ምሰሶ መያዝ ነው አይደል ሥራችሁ? ሰብሪያ ነግራኛለች» አሉ። ቀጥለውም እጃቸውን ዘረጉና፣ «ኡቱባ ቶኮ ናፍ ኬና» አሉን፤ አንድ ምሰሶ ለኔ ስጡኝ ማለታቸው ነው። ከዚህ በኋላ የተወሰነው ውሳኔ የማኅበሩ ብቻ አይደለም።

ስለሆነም ማኅበሩ የሚከተለውን ያስታውቃል።

ከነገ እሑድ ኅዳር 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ የወ/ሮ ሰብሪያ ሸራ በራቸው ላይ ይወጠራል። ምሰሶ አይኖረውም። አሥራ ስድስት ሰው በእጁ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ትናንት አመሻሽ ላይ በግቢያቸው ሞክረነዋል፤ ሸራው ከባድ ነው፤ አንድ ሰው ክንዱ ሳይዝል ሊይዝ የሚችለው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ በየሩብ ሰዓቱ ተረኛ ይቀየራል። ሸራው እስከ ሰኞ መግሪብ፣ ለቀስተኛ ባለበት ሰዓት ሁሉ አይወርድም። የሰበታና የሱሉልታ አባላት ተራችሁ ተለጥፏል፤ ሚኒባስ ጠፋ ብሎ መቅረት የለም። ሦስት ትርኢት ያልሞላችሁ አዲስ አባላትም ትይዛላችሁ። አባል ያልሆነ መያዝ የፈለገ ሰው ስሙን ለሩዋይዳ ይንገራት፤ ከትናንት ወዲህ ብቻ ሠላሳ አንድ ሰው ተመዝግቧል፤ ብዙዎቹ ሙዚቃችንን የማይወዱ ጎረቤቶች ናቸው።

ወንበሮቹም የተወሰዱ ስለሆነ የምትቀመጡበትን ይዛችሁ ኑ። ሙዚቃ የለም። ሊበትነን የሚመጣ አካል ካለ ሸራውን ለማውረድ እንጂ ለመነጠቅ እንደማንስማማ ከወዲሁ ይወቅ፤ ከወረደም እንደ አምናው ላዩ ላይ እንቀመጣለን። ፈቃድ አልጠየቅንም፤ ሩዋይዳ ጠይቃ የተሰጣትን መልስ ሰምተናል።

ማኅበሩ ለልጃቸው ለሩዋይዳ አክመል፣ ለመላ ቤተሰባቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለጎረቤቶቻቸው መጽናናትን ይመኛል። አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው። ለኦቦ ዱቤ ቱፋ፣ ከአንድ ዓመት በፊት በእኛ ውሸት ምክንያት ያለ ድንኳን ለቀረው የልጃቸው ሐዘን፣ ዛሬ በጽሑፍና በስማችን ይቅርታ እንጠይቃለን። በአቶ ገብረየስ ስም የወጣው ዘፈን ከዚህ በኋላ በየትኛውም መድረክ አይዘፈንም።

የነገው የመጀመሪያ ተራ፣ አንድ ቁጥር ምሰሶ፦ ኦቦ ዱቤ ቱፋ። ሽማግሌ ናቸውና ተራቸው እንዲያጥር ጠይቀናቸው እምቢ ብለዋል። ሩዋይዳ ተራ የላትም፤ እሷ ከሸራው ሥር ትቀመጣለች።

ትናንት «ደግሞ ማን ሞተ?» ብሎ ለጠየቀው ጽሕፈት ቤት መልሳችን ይህ ነው። ወ/ሮ ሰብሪያ ሐምዱ ሞተዋል። በዚህ ወረቀት ላይ ያለው ስም እውነተኛ ነው። መኪናችሁን ፀሐይ ይምታውና ምሰሶዎቻቸውን መልሱ።

ስለ ማኅበሩ፣
ሐኒ ወርቁ
የማኅበሩ ጸሐፊና የአራቱ ማመልከቻዎች ጸሐፊ
የመጀመሪያ ተራ፣ አሥራ ስድስት ቁጥር ምሰሶ